የጀማሪዎች የካሜራ መጽሐፍ ይዤ ፎቶ እየተማርኩ ነው፤ መጽሐፉና ካሜራው አልገጥም አሉኝ

አዲስ ሌንስ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ካሜራ ከያዝኩ ብዙም አልቆየሁም። ካሜራው ያገለገለ ነው፤ አብሮት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚለው ነው። ወንድሜ ደግሞ ለጀማሪዎች የተጻፈ የዲጂታል ፎቶ መማሪያ መጽሐፍ ሰጠኝ። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ። አጻጻፉ ቀለል ያለ ነው፣ ምሳሌዎቹም ግልጽ ናቸው። ግን ካሜራውን ይዤ የሚለውን ላድርግ ስል ሦስት ቦታ ላይ ተያዝኩ።

አንደኛ፣ የሰው ፎቶ የሚለው ምዕራፍ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) 2.8 ላይ አድርጉት፣ ጀርባው ይፈዝላችኋል ይላል። የእኔ ካሜራ ግን ከ3.5 በታች አልወርድም አለኝ። ዙም ሳደርግ ጭራሽ 5.6 ላይ ይቆማል። ካሜራው ችግር አለበት ማለት ነው?

ሁለተኛ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ400 በላይ እንዳትወጡ፣ ፎቶው ይበላሻል ይላል። ቤት ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ በ400 ሳነሳቸው እጅና ፊታቸው ብዥ ይላል።

ሦስተኛ፣ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሳቆም ፊቱ ይጠቁራል። የብርሃን መለኪያው ግን መሃል ላይ፣ ዜሮ ላይ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ዜሮ ላይ ካረፈ ትክክል ነው ይላል።

ሌላው፣ መጽሐፉን መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር ላንብበው ወይስ እየሞከርኩ ልሂድ? አመሰግናለሁ።


ጥላና ጮራ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ካሜራሽ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስልሽ፤ ሌሎቹን ሌላ ሰው ያግዘኛል።

የሌንስሽን ፊት ተመልከቺው። መስታወቱ ዙሪያ ከ18-55 ቀጥሎ 3.5-5.6 የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ሌንሱ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል። 18 ላይ እስከ 3.5፣ 55 ላይ እስከ 5.6። ከዚያ በላይ አይከፈትም፤ አሠራሩ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሌላ ሌንስ በእጁ ነበረ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል። የሌንሱን ሚሊሜትር ለቀዳዳው ስፋት ስታካፍዪ የሚመጣው ነው። ስለዚህ 55 ሚሊሜትር ላይ በ5.6 ስታነሺ ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 18 ሚሊሜትር ላይ በ3.5 ስታነሺ ግን 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም በይ። ብዙ ጀማሪ «3.5 ከ5.6 ያነሰ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ጀርባ ለማፍዘዝ 18 ላይ ላንሳ» ይላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። በአንቺ ሌንስ ጀርባው የሚፈዘው ዙሙን እስከ 55 ስትስቢው ነው፣ ቁጥሩ 5.6 ቢሆንም።

አሁኑኑ ሞክሪው። ዙሙን 55 አድርጊ። አፐርቸሩን 5.6። የምታነሺውን ሰው ከግድግዳው አርቂው፣ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ። አንቺ ደግሞ ወደ ሰውየው ቅረቢ። ከሌንሱ ይልቅ እነዚህ ሁለት ርቀቶች ጀርባውን ያፈዝዙልሻል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ግን የትኛውም ሌንስ ብዙ አይረዳሽም።


ዝግ ሹተር

ሁለተኛውን እኔ ልውሰደው።

መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ፈልጊ። ከ400 እንዳትወጡ የሚል ምክር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለነበሩት ትንንሽ ካሜራዎች ልክ ነበር። ያኔ 800 ላይ ፎቶው በኖይዝ (በጥቃቅን ነጠብጣብ) ይሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሴንሰሮች (ብርሃኑን የሚቀበሉት ክፍሎች) በጣም ተሻሽለዋል። ዛሬ ብዙ ካሜራ 1600 ላይ ምንም አይልም፤ 3200ም ይሠራል።

ሒሳቡን ተመልከቺ። ማታ ቤት ውስጥ በመብራት፣ አፐርቸር 5.6፣ አይኤስኦ 400 ብታደርጊ ካሜራው ለሹተሩ፣ ብርሃን ለሚገባበት ጊዜ ማለት ነው፣ 1/15 ሰከንድ ገደማ ሊሰጥሽ ይችላል። 1/15 ላይ ልጅ አይደለም፣ የሚያወራ ትልቅ ሰውም ብዥ ይላል። አይኤስኦውን አንዴ እጥፍ ስታደርጊው፣ 800 ስታደርጊው ማለት ነው፣ ሹተሩ 1/30 ይሆናል። 1600 ላይ 1/60። 3200 ላይ 1/125። ተቀምጦ ለሚጫወት ልጅ 1/125 ይበቃል። የሚሮጥ ከሆነ 1/250 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሻል።

እዚያው ላይ ዙሙን ወደ 18 መልሺና ወደ ልጆቹ ቅረቢ። አፐርቸሩ 3.5 ይከፈትልሻል፤ 1/125 የነበረው ወደ 1/320 ይወጣል። ያለ ፍላሽ፣ ያለ ሌላ ሌንስ። ጀርባው እንደ 55ቱ አይፈዝም፤ ልጆቹ ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ። ያን ሰዓት የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ኖይዝ ያለበት ፎቶ በኮምፒውተር ይቀንሳል። ፊቱ የተንቀሳቀሰ ልጅ ግን አይመለስም። ሁለቱ ሲጋጩ እኔ ሁልጊዜ ኖይዙን እመርጣለሁ።

ሌንሱ ላይ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ማብሪያ ካለ አብሪው። ግን የሚያረጋጋው የአንቺን እጅ ነው። የልጁን እጅ አያቆምልሽም።


ኤም ብቻ

እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። አውቶውንም፣ ግማሽ አውቶውንም ተዪውና መምረጫውን ኤም ላይ አድርጊ። አፐርቸሩን፣ ሹተሩን፣ አይኤስኦውን ሁሉንም ራስሽ ወስኚ። መጀመሪያ ያስቸግራል። ግን ሰው የሚማረው ሲቸገር ነው። ካሜራው የሚወስንለት ሰው ፎቶው ለምን እንዳማረ አያውቅም፣ ለምን እንደተበላሸም አያውቅም።


ጥላና ጮራ

@ኤም ብቻ፣ አከብርሃለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም።

ጀማሪ ኤም ላይ ሆኖ ምን ያደርጋል? መለኪያው ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ዲያሉን (የሚሽከረከረውን መቀየሪያ) ያዞራል። ያንኑ ሥራ ኤ ወይም ኤቪ የሚባለው ሞድ በቅጽበት ይሠራዋል፣ በዚያው መለኪያ። ስለዚህ ኤም ብቻውን የብርሃን ዕውቀት አልጨመረለትም። ጣቱን ነው ያሠለጠነው። በዚያ መሃል ልጁ ፈገግ ብሎ ጨርሷል።

በኤ አፐርቸሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ ሹተሩን ካሜራው ይመርጣል። አንድ ነገር ብቻ ስትቀይሪ የዚያን የአንዱን ውጤት ለይተሽ ታያለሽ። ሦስቱን አንድ ላይ ስትቀያይሪ ግን ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይለይልሽም። ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።


ኤም ብቻ

ለልጆች ፎቶ እሺ፣ ኤ ይፈጥናል። ግን ብርሃኑ ሳይለወጥ ጀርባው በሚለዋወጥበት ቦታ ኤም ግድ ነው። መድረክ ላይ መብራቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሰውየው ከጥቁር መጋረጃ ወደ ነጭ መጋረጃ ሲሄድ፣ ኤ ላይ ያለ ካሜራ ፊቱን አንዴ ያነጣዋል፣ አንዴ ያጠቁረዋል። ኤም ላይ አንዴ ካስተካከልሽው እስከ መጨረሻው ያው ነው። የሌሊት ሰማይም እንደዚያው። እና እህቴ፣ ኤ ላይም ብትቆዪ ካሜራው የመረጠውን የሹተር ቁጥር እያየሽ አንሺ። እሱን ካላየሽ ከአውቶ ብዙም አይለይም።


ጥላና ጮራ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።


መስኮት ዳር

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ሊያልፍ ነው እንዴ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

የካሜራው መለኪያ ሰው ይሁን ግድግዳ አያውቅም። የሚያየው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። የተሠራው ደግሞ ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያስብ ነው። በፎቶ ትምህርት 18 በመቶ ግራጫ የሚሉት እሱን ነው። ነጭ ግድግዳ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ግራጫ እስኪሆን። ፊትም አብሮ ይጨልማል። ዜሮ ማለት «ትክክል» ማለት አይደለም። «ግራጫ አድርጌዋለሁ» ማለት ነው።

የእኛ ቆዳ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ይህ ነገር ይበልጥ ይጎዳል። ከነጭ ግድግዳ ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነውና ፊቱ ዝርዝሩን አጥቶ ጥላ ብቻ ይሆናል። ብዙ መጽሐፍ በምሳሌነት የሚያሳየው ነጣ ያለ ቆዳ ስለሆነ ችግሩን አንባቢው አያየውም። ይህን በግልጽ የሚያስተምር መጽሐፍ ቢበዛ እንዴት ደስ ባለኝ።

መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ ፎቶውን የሚያነጣና የሚያጨልም ቁልፍ ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት +1 አድርጊ፣ ካልበቃ +1.7። ግድግዳው ትንሽ ቢነጣ ምን አለበት? ፎቶውን የምናየው ለፊቱ ነው። ጥቁር መጋረጃ ፊት ደግሞ በተቃራኒው፣ -1 አካባቢ። ያኔ ካሜራው ጨለማውን ላብራ ብሎ ፊቱን ያነጣዋልና።

በዓይንሽ እንድታዪው አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ነጭ አንሶላ ዘርጊና ፍሬሙን ሞልተሽ አንሺው። ከዚያ ጥቁር ጨርቅ እንዲሁ። ሁለቱም ዜሮ ላይ። ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው።

መስኮት ላይ ስታነሺ ደግሞ ሰውየውን አዙሪው። ጀርባውን ለመስኮቱ ከሰጠ ፊቱ ይጠቁራል። ፊቱን ወይም ጎኑን ከሰጠ ብርሃኑ በነጻ ይሠራልሻል። ወደ መስኮቱ ባስጠጋሽው ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል፣ ከግድግዳው ይርቃልና ጀርባውም ይጨልማል። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ከሆነ ደግሞ ጥላው ለስላሳ ነው። እኔ የሰው ፎቶ የማነሳው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው።


አዲስ ሌንስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንሶላውንና ጨርቁን አንስቼ ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ! የቱ የቱ እንደሆነ በጨርቁ እጥፋት ነው የለየሁት። ከዚያ አንሶላውን +1.7 አድርጌ ሳነሳው ነጭ ሆነ። አሁን መጽሐፉ ላይ ያለው የመለኪያ ምዕራፍ ገባኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኤም ላይ ሆኜ የመደመርና የመቀነስ ቁልፉን ይዤ ዲያሉን ሳዞር የሚቀየረው አፐርቸሩ ነው። ለምን? ደግሞ ካሜራው ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጨለማ ሆነብኝ።


ዝግ ሹተር

ኤም ላይ ትርፍና ጉድለቱን የምትወስኚው ራስሽ ነሽ። ስለዚህ ቁልፉ በኤም የድሮ ሥራውን አይሠራም። አንድ ዲያል ብቻ ያላቸው የጀማሪ ካሜራዎች ያንኑ ቁልፍ ለአፐርቸር መቀየሪያ ያውሉታል። ዲያሉ ብቻውን ሹተሩን፣ ከቁልፉ ጋር አፐርቸሩን። አልተበላሸም።

ስክሪኑን አትመኚው። ጨለማ ቦታ ሆነሽ ስታዪው የነጣ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ የጠቆረ ይመስላል። ሒስቶግራሙን፣ የፎቶውን ጨለማና ብርሃን በክምር የሚያሳየውን ሥዕል፣ ክፈቺ። ፎቶ እያየሽ የማሳያ ቁልፉን ደጋግመሽ ስትጫኚ ይመጣል። ግራው ጨለማ፣ ቀኙ ብርሃን ነው። ክምሩ ሁሉ ግራ ላይ ከተጠጋ ፎቶው በርግጥ ጨለማ ነው፣ ስክሪኑ ምንም ይበል። ቀኙ ግድግዳ ላይ ከተደፋ ደግሞ ያ ክፍል ባዶ ነጭ ሆኗል፣ ውስጡ ዝርዝር የለም። ክምሩ መሃል ላይ መሆን አለበት የሚል ሕግ ግን የለም። የጥቁር ድመት ፎቶ ግራ ላይ ቢከመር ልክ ነው።


የፊልም ዘመን

ልጄ፣ መጽሐፉን እንዴት ላንብበው ብለሽ የጠየቅሽውን ማንም አልነካውም። እኔ ፎቶ የጀመርኩት በፊልም ነው። ያን ጊዜም መማሪያችን መጽሐፍ ነበር።

ዳር እስከ ዳር አንብበሽ አትጨርሺው። ካሜራው እጅሽ ላይ ካልሆነ አታንብቢው። አንድ ምዕራፍ፣ ከዚያ ያንን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ መውጣት። የአፐርቸር ምዕራፍ ከሆነ ያንኑ አንድ ዕቃ በ5.6፣ በ8፣ በ11፣ በ16 አንሺ። በኤ ሆነሽ፣ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሺ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አስፍተሽ ስታዪ የቱ ቦታ እንደጠራ፣ የቱ እንደፈዘዘ ይታይሻል። እስከ 22 ብትወስጂው ደግሞ ምስሉ በሙሉ ትንሽ ሲለሰልስ ታያለሽ፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናልና። መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር ያልፈው ይሆናል። አንቺ ግን በዓይንሽ አይተሽዋል።

ከካሜራው ጋር የሚመጣውን መመሪያ አጠገብሽ አድርጊ። ጠፍቶ ከሆነ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አለ። መማሪያ መጽሐፉ «ለምን» የሚለውን ይነግርሻል፣ መመሪያው «የትኛው ቁልፍ» የሚለውን። ሰው የሚሰለቸው አንዱን ከሌላው ሲፈልግ ነው።

የሚያረጀውን ከማያረጀው ለዪ። የአይኤስኦ ገደብ፣ ስንት ሜጋፒክስል ይበቃል የሚለው ክርክር፣ የሜሞሪ ካርድ መጠን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ምዕራፍ፣ እነዚህ ሁሉ አርጅተዋል። ስቲቨን ሳሰን ኮዳክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው። አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ዛሬ ካሜራ በአንድ ሰከንድ ስንት ያነሳል! ያ ሁሉ ሲለወጥ ግን በ1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 መካከል ያለው ግንኙነት አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም። አንድ እርምጃ በሄድሽ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ያኔም፣ አሁንም።

በፊልም ጊዜ ስንማር መለኪያ ባይኖረንም እንሠራ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸር 16፣ ሹተሩ አንድ ለአይኤስኦው። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ወይም 1/125። 8 ላይ ማንሳት ከፈለግሽ ሹተሩን 1/500 ታደርጊዋለሽ፣ ብርሃኑ ያው ነው። ውጪ ስትወጪ ካሜራውን ከማብራትሽ በፊት ቁጥሩን በልብሽ ገምቺ፣ ከዚያ ካሜራው ከሚለው ጋር አስተያዪው። ቶሎ ዓይንሽ ብርሃን መመዘን ይጀምራል።


መስኮት ዳር

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። የመገመቱን ልምምድ እኔም ነገ እጀምራለሁ።


ቀይ ማሰሪያ

በዚሁ አጋጣሚ እኔም ጀማሪ ነኝ። ሮው ላንሳ ወይስ ጄፔግ? መጽሐፌ ሮው ለባለሙያ ነው ብሎ ያልፈዋል።


ዝግ ሹተር

ሮው ያልተነካው ጥሬ ፋይል ነው፤ ጄፔግ ካሜራው አዘጋጅቶ የጨመቀው። ካሜራህ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ ሁለቱንም አድርግ። ጄፔጉን ዛሬ ትልካለህ። ሮውን ታስቀምጣለህ፣ ማስተካከል ስትማር ትመለስበታለህ።

ልዩነቱ ይህ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ አለው። ሮው እንደ ካሜራው 4096 ወይም 16384 ደረጃ ይይዛል። ስለዚህ የጨለመ ፊት ስታበራ ሮው ይታገስሃል፣ ጄፔግ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ሆኖም ሮውም ቢሆን ጨርሶ የነጣ ሰማይ አይመልስም። ካርዱ ቶሎ ይሞላል፣ እሱን አስብበት። ካርዱን ስታጸዳም ፎቶዎቹን ገልብጠህ ከጨረስክ በኋላ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርገው።


አዲስ ሌንስ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከአፐርቸሩ ምዕራፍ እንደገና ጀመርኩ፣ ካሜራውን ይዤ።

የልጆቹ ፎቶም በ3200 ተሻሻለ። እጃቸው ጥርት ብሏል። አንዳንዱ ላይ ግን ልጁ ፈዞ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ጠርቶ ይወጣል። ማታ ያነሳኋቸው ደግሞ በሙሉ ቢጫ ናቸው።


ኤም ብቻ

ወንበሩን የመረጠው ካሜራው ነው። ፎከሱን በራሱ እንዲመርጥ ስትተዪው ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ይይዛል። ከሜኑው አንድ ነጥብ ብቻ የሚለውን ምረጪና ነጥቡን ለአንቺ ቅርብ የሆነው ዓይን ላይ አድርጊው። ቁልፉን በግማሽ ስትጫኚ ይይዛል፣ ሙሉ ስትጫኚ ያነሳል። የሚንቀሳቀስ ልጅ ከሆነ የፎከስ ዓይነቱን ወደ ተከታታይ ቀይሪው። ያኔ በግማሽ እንደተጫንሽ ልጁን እየተከተለ ፎከሱን ያስተካክላል።


መስኮት ዳር

ቢጫው ከመብራቱ ነው። ያ ብርሃን በኬልቪን ሲለካ 2700 አካባቢ ነው፣ የቀን ፀሐይ ደግሞ 5500 አካባቢ። ዓይናችን ይለምደዋል፣ ካሜራው ግን በአውቶ ሁልጊዜ አይደርስበትም። ዋይት ባላንስ የሚለውን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለም የሚያስተካክለውን) ክፈቺና የአምፖል ሥዕል ያለበትን ምረጪ። በጣም ሰማያዊ ከሆነብሽ ነጭ ወረቀት በዚያው መብራት ስር አንስተሽ በራስሽ አስተካክዪው፤ እንዴት እንደሚሠራ የካሜራው መመሪያ ላይ አለ።

አመሻሽ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የመስኮቱ ብርሃንና የአምፖሉ ሲቀላቀሉ ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። ያንን አንድ ዋይት ባላንስ አያስተካክለውም። አምፖሉን አጥፊና ልጆቹን ወደ መስኮቱ አስጠጊ፤ ከመሸ ደግሞ መጋረጃውን ዝጊና በአምፖሉ ብቻ አንሺ።